ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ የአርቪ ራሊ ስትሄዱ፦ ከምዝገባ እስከ መልስ ጉዞ

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ አርቪ (መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት) ለገዛችሁ ወይም ተከራይታችሁ ራሊ ልትሄዱ ላሰባችሁ ነው። ራሊ ማለት በመቶ የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ የሚሆኑ አርቪዎች አንድ ሜዳ ላይ ለጥቂት ቀናት የሚሰፍሩበት ስብሰባ ነው። ጀማሪዎች በብዛት የሚቸገሩት በሦስት ነገር ነው። የማይሆናቸውን ቦታ ይመዘገባሉ፣ ታንክና ባትሪያቸውን ሳያዘጋጁ ይደርሳሉ፣ በሩ ላይ ሰልፍ ውስጥ ገብተው ይደናገጣሉ። ሦስቱም ከቤት ሳትወጡ የሚፈቱ ናቸው።

ምሳሌ የማደርገው ፔሪ፣ ጆርጂያ ውስጥ እንዳለው የኤግዚቢሽን ሜዳ ዓይነት ቦታ ላይ የሚደረግ ራሊን ነው። ፔሪ ከአትላንታ በስተደቡብ 100 ማይል ገደማ፣ አይ-75 አውራ ጎዳና ዳር ያለች ከተማ ናት። ትልልቅ ራሊዎች በተደጋጋሚ ተካሂደውባታል።

## ደረጃ 1፦ ራሊውንና ቦታችሁን ምረጡ

መጀመሪያ ማን እንደሚያዘጋጀው እዩ። ኤፍኤምሲኤ የተባለው ማኅበር ድሮ የሞተርሆም (የራሱ ሞተር ያለው አርቪ) ባለቤቶች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ግን ትሬለር የሚጎትቱትንም በአባልነት ይቀበላል። ኤስኬፒስ የተባለው ክለብ ኤስካፔድ የሚባል ራሊ አለው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ በአርቪ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ታገኛላችሁ። የኤርስትሪም ክለብ በዋናነት የዚያኑ ትሬለር ባለቤቶች ይሰበስባል። አሪዞና ያለው ኳርትዝሳይት ግን ሌላ ዓለም ነው። ጃንዋሪ ላይ ሕዝቡ በረሃ ላይ ይሰፍራል፣ አብዛኛው ያረፈበት መሬት ላይ የሚሰካ መብራትም የሚገናኝ ውሃም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆች ይዛችሁ እዚያ እንድትጀምሩ አልመክርም።

የተከራያችሁ ከሆነ ሁለት ቦታ ጠይቁ። አዘጋጆቹን፣ በኪራይ አርቪ መምጣት ይቻላል ወይ በሏቸው። አከራዩን ደግሞ ጀነሬተር በሰዓት ያስከፍል እንደሆነ፣ በቀን ስንት ማይል እንደሚፈቅድ ጠይቁት። ጀነሬተር በሰዓት የሚያስከፍል ውል ይዛችሁ መብራት የሌለበት ቦታ ከተመዘገባችሁ ሒሳቡ ያስደነግጣችኋል።

አሁን ወደ ቦታው። የምዝገባ ቅጹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ታያላችሁ፦

- መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ ያለው ሙሉ ቦታ። ውድ ነው፣ ቀድሞ ያልቃል።
- መብራትና ውሃ ያለው።
- መብራት ብቻ ያለው። 20፣ 30 ወይም 50 አምፕ ሊሆን ይችላል።
- ምንም የሌለው፣ ድራይ ካምፒንግ የሚሉት። የምትኖሩት ይዛችሁ በመጣችሁት ውሃ፣ ባትሪና ጀነሬተር ነው።

የኔ ምክር፦ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ካለ፣ ወይም ሙቀት ባለበት ወቅት ከሆነ፣ ቢያንስ 30 አምፕ መብራት ያለውን ያዙ። ካለቀ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ግቡ፣ እስከዚያው ግን የቀረውን ያዙ። ከቤተሰብ አንዱ ሲተኛ የመተንፈሻ ማሽን የሚጠቀም ወይም ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ስትመዘገቡ በጽሑፍ ንገሯቸው። የጤና ጉዳይ ላለባቸው የተለየ ቦታ የሚይዙ ራሊዎች አሉ። በሩ ላይ ደርሳችሁ ብትናገሩ ግን ቦታው በሌሎች ተይዞ ታገኙታላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ቀድሞ መድረስ ይቻላል ወይ? በየቀኑ ስንት ይከፈልበታል? ጀነሬተር ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀዳል? ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ይመጣል ወይ? ከሰልና የእሳት ማንደጃ ይፈቀዳል? ውሻ ካላችሁ የክትባት ወረቀት ያስፈልጋል? ብትቀሩ ገንዘቡ ይመለሳል?

## ደረጃ 2፦ ቤታችሁ በር ላይ ሙከራ አድርጉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

1. አርቪውን በራችሁ ላይ ወይም ቅርብ ያለ ፓርክ አቁሙ።
2. ከቤት የሚመጣውን መብራትና ውሃ ንቀሉ።
3. ሁለት ሌሊት መላው ቤተሰብ ውስጡ ይደር። አብስሉ፣ ታጠቡ፣ ሽንት ቤት ተጠቀሙ።
4. ጠዋት ጠዋት የባትሪውን ቮልት፣ የውሃውንና የሁለቱን የፍሳሽ ታንኮች መጠን ጻፉ።

ተራ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.1 አካባቢ ሲደርስ ግማሹ አልቋል፣ ከዚያ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል። ሊትየም ከሆነ ቮልቱ እስከ መጨረሻው ብዙም ስለማይወርድ በቮልት አትመኑ፣ ፐርሰንት የሚያሳየውን መቆጣጠሪያ ተመልከቱ።

ባትሪው አንድ ሌሊት ካልቆየ፦ ሌሊት የሚበላውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የማሞቂያው ፋን ወይም ሳይጠፋ ያደረ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) ነው። እንደ ቤት ፍሪጅ ያለ ትልቅ ፍሪጅ የተገጠመላቸው አርቪዎችም ባትሪ ይጨርሳሉ። መፍትሔው ካልተገኘ መብራት ያለው ቦታ መመዝገብ ግዴታችሁ ነው።

በዚሁ ሰሞን ጎማውን እዩ። በጎማው ጎን ላይ በ«ዶት» ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ ይዛችሁ ረጅም መንገድ አትውጡ። ብዙ የትሬለር ጎማዎች ለ65 ማይል በሰዓት ነው የተሠሩት። ስኮርታውንም ንፋስ ለኩ። ሙሉ ጭነት ጭናችሁ የከባድ መኪና ማደያ ላይ ባለው ካት ስኬል ተመዘኑ፤ በር አካባቢ የተለጠፈው ከፍተኛ ክብደት ላይ ከደረሳችሁ ዕቃ ቀንሱ። ትሬለር ከሆነ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ትሬለሩ መንገድ ላይ ጭራውን ይወዛወዛል።

## ደረጃ 3፦ ታንክ፣ ምግብና ዕቃ

ሦስቱን ታንኮች ለዩ። አንዱ ንጹሕ ውሃ ነው። ግሬይ የሚሉት የመታጠቢያና የዕቃ ማጠቢያ እጣቢ ነው። ብላክ የሚሉት የሽንት ቤቱ ነው። ራሊ ስትደርሱ ንጹሑ ሙሉ፣ ሁለቱ ፍሳሾች ባዶ መሆን አለባቸው። ውሃ ከባድ ነው፣ አንድ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ከቤት ሞልታችሁ ከመንዳት የመጨረሻው ማረፊያ ላይ ሙሉት። ብላክ ታንኩን ባዶ ካደረጋችሁ በኋላ ጥቂት ጋሎን ውሃና የሽንት ቤት ኬሚካል ጨምሩበት። ደረቅ ታንክ ላይ የወደቀ ነገር ተጣብቆ ይቀራል።

ፕሮፔኑንና ነዳጁን ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ። ጀነሬተሩ ከዋናው ታንክ የሚጠጣ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ገደማ ሲቀር ራሱ ይጠፋል።

እንጀራውን ቤት ጋግሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል፣ በ20 አምፕ መስመር ላይ ከኤሲ ጋር አብሮ አይሠራም። ወጡን በየቀኑ ድርሻ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ፤ ቁሌት ስታበስሉ ከዋላችሁ ውሃም ጋዝም ያልቃል፣ ሽታውም ፍራሹ ውስጥ ገብቶ ለሳምንት አይወጣም። የወረቀት ሳህን ያዙ። የዕቃ እጣቢ ግሬይ ታንክ በፍጥነት ይሞላል።

ሳትይዙ እንዳትወጡ፦

- የጎማ ታኮ፣ ደልዳላ ላልሆነ መሬት ጣውላ ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ለክሪኩ እግር መደገፊያ
- የ30 እና የ50 አምፕ ኤክስቴንሽን፣ መቀያየሪያ ሶኬቶች፣ የመብራት መከላከያ
- ለመጠጥ ብቻ የሚሆን የውሃ ቱቦ፣ የውሃ ግፊት መቀነሻ
- የፍሳሽ ቱቦና የጎማ ጓንት፣ ከመጠጡ ቱቦ በተለየ ሣጥን
- ካቻቢቴ፣ ቁልፎች፣ ፊውዝ፣ ባትሪ መብራት፣ ቦቲ ጫማ
- የአርቪው መድን፣ የምዝገባ ደረሰኝ፣ የውሻ ክትባት ወረቀት። ሁሉም ታትሞ።

## ደረጃ 4፦ መንገዱን በቁመታችሁ ልክ አውጡ

የአርቪውን ቁመት ከመሬት እስከ ጣሪያው ኤሲ ድረስ በጫማና በኢንች ለኩና ቁጥሩን መሪው ፊት ለፊት ለጥፉ። የስልክ ካርታ ስለ ቁመታችሁ ምንም አያውቅም። ከዲሲ አካባቢ ወደ ጆርጂያ በአይ-85 ስትወርዱ ዱርሃም፣ ኖርዝ ካሮላይና ታልፋላችሁ። እዚያ ከተማው ውስጥ የመኪና ጣሪያ በመግፈፍ የታወቀ የባቡር ድልድይ አለ። በ2019 ከፍ ተደርጎም ቁመቱ 12 ጫማ ከ4 ኢንች ብቻ ነው። ምሳ ፍለጋ ከአውራ ጎዳናው ወጥታችሁ ሰፈር ውስጥ አትግቡ።

ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ለምትመጡ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። የባልቲሞር ዋሻዎች የአርቪ ፕሮፔን ታንክ የጫነ መኪና አያስገቡም። ድሮ ሰው በኪ ብሪጅ ይዞር ነበር፣ ድልድዩ ግን ማርች 2024 ፈርሷል። በ695 ቀለበት መንገድ በምዕራብ በኩል ዙሩ።

መንገዱን ለሁለት ቀን ክፈሉት። የመጨረሻውን ሌሊት ከራሊው ሁለት ሰዓት የማይርቅ ፓርክ እደሩ። እዚያ ፍሳሽ ድፉ፣ ውሃ ሙሉ፣ ባትሪ ቻርጅ አድርጉ። ጠዋት ሰው ሳይደክመው፣ ልጅ ሳይራብ ትደርሳላችሁ።

## ደረጃ 5፦ በሩ ላይ

በተመደበላችሁ ቀንና ሰዓት ድረሱ። ያለፈቃድ ቀድሞ የመጣ ይመለሳል ወይም መንገድ ዳር ይቆማል። ሲመሽ መድረስ ከሁሉም ይብሳል፣ ጨለማ ውስጥ ሣር ላይ አርቪ ማቆም ለባለሙያም ከባድ ነው። ከረፋዱ እስከ ቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው።

1. ከወዳጆቻችሁ ጋር ጎን ለጎን መቆም ከፈለጋችሁ በሩ ሳይደርስ ማደያ ላይ ተገናኙና ተከታትላችሁ ግቡ። ቦታ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በመጣችሁበት ተራ ነው።
2. የተላከላችሁን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፉ። የመብራት ዓይነቱ የሚለየው በእሱ ነው።
3. ሰልፉ ውስጥ ሞተር አታጥፉ፣ ከአርቪውም አትራቁ። ልጆች ውስጥ ይቀመጡ።
4. ከኋላ የምትጎትቱት መኪና ካለ በተባላችሁበት ቦታ ፍቱት፣ ሌላ ሰው ይንዳው።
5. አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱትን በጎ ፈቃደኞች ተከተሉ። ወደ ኋላ ስትገቡ አንድ ሰው ብቻ ያሳያችሁ። ያ ሰው ከመስታወታችሁ ከጠፋ ወዲያው ቁሙ።
6. «እዚህ ጋ» እስኪሏችሁ ክሪክ አታውርዱ፣ ወደ ጎን የሚወጣውን ክፍል አታስፉ።

ያልተመዘገባችሁበት ቦታ ከሰጧችሁ፦ ደረሰኙን አሳዩ፣ በትሕትና ተናገሩ፣ ግን ሰልፉን አታግዱ። ባላችሁበት ቁሙና ወደ ምዝገባ ቢሮው በእግር ሂዱ። በጎ ፈቃደኛው ጸሐይ ላይ የሚውለው ያለ ክፍያ ነው፣ ቦታ የመቀየር ሥልጣንም የለውም። መጮህ አይረዳም።

ጎማው ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ፦ ነዳጅ አትርገጡ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ይቀበራል። የፓርኪንግ ቡድኑን ጥሩ፣ ብዙ ጊዜ ትራክተር አላቸው። ገመዱ የት እንደሚታሰር ከአርቪው መመሪያ መጽሐፍ አሳዩአቸው፣ ባምፐር ላይ አይታሰርም።

## ደረጃ 6፦ ስታቆሙ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ

1. መጀመሪያ ታኮ። ትሬለር ከመኪናው ከመፍታታችሁ በፊት ጎማው መታገድ አለበት።
2. ደልዳላ አድርጉ። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ተንጋዶ ከሠራ ይበላሻል።
3. የመብራት ሳጥኑ ላይ ብሬከሩን አጥፉ። መከላከያውን ሰኩ፣ ብሬከሩን አብሩና ቮልቱን አንብቡ። ከ104 በታች ወይም ከ132 በላይ ከሆነ አርቪውን አትሰኩ፣ የመብራት ሠራተኛውን ጥሩ። ደህና ከሆነ ብሬከሩን መልሳችሁ አጥፉ፣ አርቪውን ሰኩ፣ ከዚያ አብሩ።
4. ውሃ ካለ ግፊት መቀነሻውን ቧንቧው ላይ አስቀድሙ። ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ ይበቃል።
5. ክፍሉን ከማስፋታችሁ በፊት አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይመልከት። ጎረቤት በጣም ቅርብ ነው።
6. ፍሳሽ ያለበት ቦታ ብትሆኑም የብላክ ታንኩን ቫልቭ ክፍት አትተዉ። ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ይከመራል። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ በአንድ ጊዜ ልቀቁት።

## ደረጃ 7፦ መብራትና ውሃ ቆጥቡ

ሒሳቡን ያዙ። 20 አምፕ 2,400 ዋት ነው፣ 30 አምፕ ደግሞ 3,600 ዋት። 50 አምፕ ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ይደርሳል። መቀያየሪያ ሶኬት ጨምራችሁ ትልቁን ገመድ ትንሹ ሳጥን ላይ ብትሰኩ ኃይሉ አይጨምርም። አንድ ኤሲ ወደ 1,500 ዋት፣ ማይክሮዌቭም እንደዚያው፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ 1,400 አካባቢ ይወስዳል። በ30 አምፕ ሦስቱን አንድ ላይ ካበራችሁ ብሬከሩ ይወድቃል። ውሃውን በጋዝ አሙቁ፣ ማይክሮዌቭ ስትጠቀሙ ኤሲውን አጥፉ።

ብሬከሩ ከወደቀ፦ ሁሉንም አጥፉ፣ ብሬከሩን መልሱ፣ አንድ በአንድ አብሩ። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ መልሳችሁ አትሰኩት።

ሻወር ስትወስዱ ሰውነታችሁን አርጥቡ፣ ውሃውን ዝጉ፣ ሳሙና ቀቡ፣ ከዚያ ተለቃለቁ። ሜዳው የራሱ መታጠቢያ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ፍሳሽ ታንክ ከሞላ የሚመጥጠውን መኪና አስቀድማችሁ አስመዝግቡ፣ በመጨረሻው ቀን ወረፋው ረጅም ነው። ግሬይ ውሃ ሣር ላይ ማፍሰስ ያስባርራል።

### ነፍስ የሚያጠፋው ስህተት

የከሰል ምድጃ አርቪ ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። መስኮት ተከፍቶም፣ ለአምስት ደቂቃም፣ ለጀበና ብቻም ቢሆን አይሆንም። አርቪ ጠባብና የታሸገ ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ይሞታል። ጀነሬተር አብርታችሁም አትተኙ፤ የጎረቤት ጭስ በመስኮታችሁ እየገባ ከሆነም ሄዳችሁ ንገሩ፣ ማንም አይቀየምም።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከጮኸ ሁሉንም ሰው አውጡ፣ ቆጥራችሁ አረጋግጡ፣ 911 ደውሉ። የጋዝ ማስጠንቀቂያ ከሆነ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ወጥታችሁ ታንኩ ላይ ያለውን ቫልቭ ዝጉ።

ጆርጂያ በማርች ከባድ ማዕበልና ቶርኔዶ ይመጣባታል። በደረሳችሁበት ቀን መጠለያው የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከልጆች ጋር በእግር ሄዳችሁ እዩት። ስልካችሁ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ካሰማ አርቪውን ትታችሁ ሂዱ። ንፋስ ሲነሳ መጋረጃ ጥላውን አስቀድማችሁ ጠቅልሉ።

## ደረጃ 8፦ ትምህርቱ፣ ገበያውና ሰው

ለጀማሪዎች የሚደረግ ማብራሪያ ካለ የመጀመሪያው እሱ ይሁን። ከዚያ ከፕሮግራሙ በቀን ሁለት ትምህርት ምረጡ፣ ከዚያ በላይ አይያዝም። ቅድሚያ ስለ እሳት ደኅንነት፣ ስለ ጎማና ስለ ባትሪ ያሉትን ስጡ። እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ የሚመዝን አገልግሎት ካለ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። የማደያው ሚዛን የግራና የቀኙን ልዩነት አይነግራችሁም፣ ይሄኛው ይነግራችኋል። ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

ገበያው ላይ በመጀመሪያው ቀን ምንም ትልቅ ነገር አትግዙ። «የራሊ ዋጋ ነው፣ ዛሬ ብቻ» ይሏችኋል። ዋጋውን ጻፉና ውጡ። አዲስ አርቪ ካማራችሁ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ቢበላሽ እኛ ከተማ ዋስትናውን የሚያስፈጽምልን ማነው? ጥርት ያለ መልስ ከሌለው አትፈርሙ።

ሰው መተዋወቁን አትፍሩ። እኛ እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን፣ እዚህ ደግሞ ሁሉም ወንበሩን ውጭ አውጥቶ ነው የሚቀመጠው። ቡና አፍሉ፣ ግን ውጭ፣ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ። ከሰል ከተፈቀደ ብቻ ከአርቪውና ከሣሩ አርቃችሁ፣ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ። ዕጣን ከማጨሳችሁ በፊት ጎረቤትን ጠይቁ፣ አስም ያለበት ሊኖር ይችላል። የጋራ ምግብ ካለ አልጫውን ከቀዩ ለይታችሁ አቅርቡ፣ ምን እንደገባበት ወረቀት ላይ ጻፉ። እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ ካለበት «ግሉተን የለውም» አትበሉ፣ ሰው ሊታመም ይችላል። ግማሽ ቀን በጎ ፈቃደኛ ሆኖ መሥራትም ከየትኛውም ግብዣ በላይ ያስተዋውቃል።

## ደረጃ 9፦ ስትወጡ

በመጨረሻው ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል፣ ፍሳሽ መድፊያው ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ወይ በጣም በማለዳ ውጡ፣ ወይ ከተፈቀደ አንድ ሌሊት ጨምሩ፣ ወይ መንገድ ላይ ያለ መድፊያ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ስትደፉ መጀመሪያ ብላኩን፣ ቀጥሎ ግሬዩን። እጣቢው ቱቦውን ያጥብላችኋል። ከዚያ፦

1. አንቴና፣ የጣሪያ መስኮትና መጋረጃ ጥላ መውረዱንና መዘጋቱን እዩ።
2. ክፍሉን መልሱ፣ ክሪኩን አንሱ፣ መብራትና ውሃ ንቀሉ።
3. ትሬለሩን አያይዙ፣ የፍሬንና የምልክት መብራቱን አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ያረጋግጥ።
4. ታኮውን በመጨረሻ አንሱ።
5. አንድ ሰው ብቻውን፣ ሳያወራ፣ አርቪውን ሙሉ ዞሮ ይመልከት።
6. ሃምሳ ማይል ገደማ ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና ጎማውንና መንጠቆውን ዳግም እዩ። የጎማው መሐል ከሌሎቹ በተለየ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ይዞ ወይም ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል አትቀጥሉ፣ መካኒክ ጥሩ።

ቤት እንደገባችሁ የቀረውን ውሃ ድፉ፣ ፍሪጁን ባዶ አድርጉና በሩን ክፍት ተዉት። ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሰኩ። የተበላሸውን ነገር በዚያው ሳምንት አሠሩ።